የፍሬምናጦስ ታሪክ፤ ስለ ባርነትና ስለ አርነት

፩፤ በላስታ ደጋ

ላስታ ደጋ አገር ነው። ተራሮቹ ከፍ ያሉ፥ ሸለቆዎቹም ጥልቅ ናቸው። ቀድሞ ሮሐ ትባል በነበረችው በላሊበላ ከተማ ከቋጥኝ ተፈልፍለው የታነጹ 11 አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ከተማይቱ በስሙ የምትጠራው ንጉሥ ላሊበላ የነገሠው በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው።

ከእነዚህ አንዱን ቤተ አማኑኤልን ያየ ሰው ግድግዳው እንጨትና ድንጋይ እየተደራረበ የተሠራ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሁሉም አንድ ድንጋይ ነው። ጠራቢዎቹ እንዲህ አድርገው የጠረቡት የአክሱምን ሕንጻ በመምሰል ነው። ከላሊበላ በስተ ሰሜን በዋሻ ውስጥ ያለችው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም በእውነተኛ እንጨትና ድንጋይ በዚያው በአክሱም ሥርዓት ተሠርታለች። የላስታ ሰዎች የሕንጻውን ጥበብ ከአክሱም እንደ ወረሱ፥ የቤተ ክርስቲያኑንም ሥርዓት ከአክሱም ወርሰዋል።

ለአክሱም የመጀመሪያው ጳጳስ ማን ነበረ? ይህ ሰው ወደ ኢትዮጵያ መጀመሪያ የገባው በመልእክተኝነት አይደለም፤ በንግድም አይደለም። ገና ብላቴና ሳለ ተማርኮ በባርነት ገባ። ስሙ ፍሬምናጦስ ይባላል። የኢትዮጵያ ሰዎች ግን ብርሃንን ገላጭ ሲሉ ከሣቴ ብርሃን፥ የሰላም አባት ሲሉም አባ ሰላማ ብለው ጠሩት። በየዓመቱ ሐምሌ 26 ቀን መታሰቢያው ይከበራል።

ፍሬምናጦስ የመጣው ከሮም መንግሥት ግዛት ነው። ስለዚህ ታሪኩን በሚገባ ለማስተዋል አስቀድሞ በሮም መንግሥት ባርነት ምን እንደ ነበረ፥ አርነትም ምን እንደ ነበረ ማወቅ ያስፈልጋል።

፪፤ ባርነት በሮም መንግሥት

በዚያ ዘመን የሮም መንግሥት በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ያለውን አገር ሁሉ ይገዛ ነበር። በዚህ ሰፊ ግዛት የሚኖር ሰው ከሁለት ወገን አንዱ ነበረ፤ ወይ ጨዋ ነው፥ ወይም ባሪያ ነው። አንዱ በጦርነት ተማርኮ ባሪያ ይሆናል፤ አንዱ በባሕር ወንበዴ ተይዞ ይሸጣል፤ አንዱም ከባሪያ እናት ተወልዶ ባሪያ ይሆናል። በመንገድ የተጣለ ሕፃንም ቢገኝ ያነሣው ሰው ባሪያ አድርጎ ያሳድገው ነበር።

የሮም ሕግ ባሪያን እንደ ዕቃና እንደ ከብት ይቈጥረው ነበር። ጌታው ሊሸጠው፥ ሊያከራየው፥ ሊያወርሰው፥ ሊገርፈውም ይችላል። ባሪያ በሕግ የጸና ጋብቻ አልነበረውም። በእጁ የያዘው ገንዘብ እንኳ በሕግ የጌታው ነበረ። ኰብልሎ የተያዘ እንደ ሆነ አንዳንድ ጊዜ በአንገቱ የብረት ቀለበት ይደረግበት ነበር። በቀለበቱም ላይ ይህ ሰው ኰብላይ እንደ ሆነና ያገኘው ሁሉ ወደ ጌታው እንዲመልሰው የሚያዝዝ ጽሕፈት ይቀረጽ ነበር። እንዲህ ያሉ ቀለበቶች ተገኝተው እስከ ዛሬ በቤተ መዘክር ይታያሉ።

የባሮቹ ኑሮ ግን አንድ ዓይነት አልነበረም። በማዕድን ጕድጓድ የሚሠሩት ብርሃን ሳያዩ በድካም ያልቁ ነበር። በባለጸጎች እርሻ የሚሠሩት በቡድን እየተነዱ ከጧት እስከ ማታ ይቈፍሩ ነበር። በከተማ ግን ወጥ ቤት፥ ጸሓፊ፥ ሐኪም፥ የልጆች መምህርም የሆኑ ባሮች ነበሩ። ከጌታው ይልቅ የተማረ ባሪያ ይገኝ ነበር። ቢሆንም የተማረውም ያልተማረውም በአንድ ነገር ይተካከሉ ነበር፤ ነገ የት እንደሚያድሩ የሚወስንላቸው ሌላ ሰው ነበረ።

፫፤ አርነት በሮም ሕግ

ሮማዊ ጌታ ባሪያውን አርነት ሊያወጣ ሲወድ ልዩ ልዩ መንገድ ነበረው። አንደኛው በዳኛ ፊት ነበረ፤ ባሪያው በበትር ተነክቶ ነጻ መሆኑ ይነገርለታል። ሁለተኛው በኑዛዜ ነበረ፤ ጌታው ከሞተ በኋላ ባሪያው ነጻ እንዲሆን በኑዛዜው ይጻፍለታል። ሦስተኛው በንጉሠ ነገሥቱ በቈስጠንጢኖስ ዘመን የመጣ ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ321 ዓ.ም. የወጣ ሕግ፥ ጌታ በቤተ ክርስቲያን በካህናት ፊት ባሪያውን ቢለቅቅ አርነቱ በሕግ የጸና እንዲሆን አዘዘ።

አርነት የወጣ ሰው የነጻነት ምልክት የሆነ ቆብ በራሱ ላይ ይደፋ ነበር። የቀድሞ ጌታውንም ስም ይወስድ ነበር። ነገር ግን ነጻነቱ ሙሉ አልነበረም። የቀድሞ ጌታውን እንደ አባት ሊያከብር፥ ባስፈለገውም ጊዜ ሊያገለግለው ግዴታ ነበረበት። ወደ ከፍተኛ ሹመትም አይደርስም ነበር። አርነት ከወጣ በኋላ የሚወለድለት ልጅ ግን እንደ ማንኛውም ጨዋ ይቈጠር ነበር።

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ታሪኩ የሚነገረው አናሲሞስ በዚህ ሕግ ሥር የኖረ ባሪያ ነበረ። ጌታው ፊልሞና ይባላል። ሐዋርያው ጳውሎስ አናሲሞስን ወደ ጌታው ሲልከው እንደ ወንድም እንዲቀበለው በደብዳቤ ለመነለት። ይህ ልመና በሮም ሕግ ውስጥ ያልተጻፈ አዲስ ነገር ነበረ።

ለሮም ሰዎች አርነት ማለት ከሁሉ አስቀድሞ ጌታ የሌለው መሆን ነበረ። ነጻ የወጣ ሰው በነጻነቱ ምን ሊሠራበት እንደሚገባው ግን ሕጉ አይናገርም። የፍሬምናጦስ ሕይወት ይህን ያስተምራል።

፬፤ ሁለቱ የጢሮስ ብላቴኖች

በ4ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሜሮፕዮስ የሚባል ፈላስፋ በጢሮስ ከተማ ይኖር ነበር። ጢሮስ ዛሬ ሊባኖስ በሚባለው አገር በባሕር ዳር ያለች ጥንታዊት ከተማ ናት፤ ያን ጊዜም በሮም መንግሥት ትገዛ ነበር። ሜሮፕዮስ ሩቅ አገር አይቶ ዕውቀቱን ሊያሰፋ ወደደና ወደ ህንድ ለመሄድ ተነሣ። የዚያ ዘመን ጸሓፊዎች በቀይ ባሕር ማዶና ማዶ ያለውን አገር ጭምር ህንድ ብለው ይጠሩት ነበር። ሜሮፕዮስም ዘመዶቹ የሆኑ፥ እርሱም የሚያስተምራቸው ሁለት ብላቴኖች ይዞ ሄደ። የታላቁ ስም ፍሬምናጦስ፥ የታናሹም ኤዴስዮስ ነበረ።

ጕዞአቸውን ፈጽመው ሲመለሱ ስንቅና ውኃ አነሳቸው። ስለዚህ መርከባቸው በመንገድ ወደ አንድ ወደብ ገባ። በዚያ ወራት የወደቡ አገር ሰዎች ከሮም መንግሥት ጋር የነበራቸው ውል ፈርሶ ነበር። ውል በፈረሰ ጊዜ በአገራቸው የተገኘውን ሮማዊ ሁሉ መግደል ልማዳቸው ነበረ። ስለዚህ በመርከቡ ላይ አደጋ ጣሉ፤ ሜሮፕዮስንና አብረውት የነበሩትን ሁሉ ገደሉ።

ሁለቱ ብላቴኖች ግን በዚያች ሰዓት ከመርከቡ ወርደው ነበር። ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ያጠኑ ነበር። ሰዎቹም እንዲህ ሆነው ባገኟቸው ጊዜ ራሩላቸውና ሳይገድሏቸው ቀሩ። ነገር ግን ማርከው ወደ ንጉሡ ወሰዷቸው።

በዚያ ቀን ጧት ሁለቱ ልጆች መምህር ያላቸው፥ አገር ያላቸው ጨዎች ነበሩ። ማታ ግን መምህራቸው ሞቶ፥ አገራቸውም ርቆ፥ እነርሱ የሌላ ሰው ገንዘብ ሆኑ። ባርነት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። ሰው በጥፋቱ ወይም በስንፍናው የሚያገኘው ሳይሆን፥ ሳያስበው በአንድ ቀን የሚወድቅበት መከራ ነው።

፭፤ በንጉሥ ቤት

የአክሱም መንግሥትም ባርነትን ያውቅ ነበር። አዱሊስ የሚባለው ወደብ በቀይ ባሕር ዳር ነበረ። ፕሊኒዮስ የሚባል በፈረንጆች አቈጣጠር በ79 ዓ.ም. የሞተ ሮማዊ ጸሓፊ ስለዚህ ወደብ ሲጽፍ፥ የቈረቈሩት ከጌቶቻቸው የኰበለሉ የግብጽ ባሮች ናቸው ብሎ ተርኳል። ወደዚያ ገበያ የሚመጣውንም ሲዘረዝር ከዝሆን ጥርስና ከአውራሪስ ቀንድ ጋር ባሮችን ቈጥሯል። ነገሩ እርሱ እንዳለው ከሆነ፥ ባሮች አርነትን ፈልገው በቈረቈሩት ከተማ ሌሎች ባሮች ይሸጡ ነበር ማለት ነው።

ንጉሡ ግን ሁለቱን ብላቴኖች አልሸጣቸውም፤ በቤቱ አኖራቸው እንጂ። ኤዴስዮስን ጠጅ አሳላፊ አደረገው። ፍሬምናጦስ አስተዋይና ጠንቃቃ መሆኑን ባየ ጊዜ ግን የሒሳቡንና የመዝገቡን ሥራ ሰጠው። ይህ ሥራ በኋላ ዘመን በኢትዮጵያ በጅሮንድና ጸሓፌ ትእዛዝ የሚባሉት ሹማምንት ይሠሩት የነበረውን ይመስላል። ንጉሡም ሁለቱን እጅግ ይወዳቸውና ያከብራቸው ነበር።

የፍሬምናጦስ ነገር የያዕቆብን ልጅ የዮሴፍን ነገር ይመስላል። ዮሴፍም በባዕድ አገር በባርነት ሳለ የጌታው ቤት ሁሉ በእጁ ተሰጥቶ ነበር። ሁለቱም በተሰጣቸው ነገር ታማኞች ሆኑ።

ነገር ግን መከበር ነጻነት አይደለም። ፍሬምናጦስ የሚበላው ከንጉሥ ማዕድ፥ የሚለብሰውም ከንጉሥ ግምጃ ቤት ቢሆን፥ ወደ ጢሮስ ልሂድ ቢል ሊሄድ አይችልም ነበር። የንጉሡ መዝገብ በእጁ ነበረ፤ የራሱ ሰውነት ግን በእጁ አልነበረም። የሚወድደው ጌታ ያለው ባሪያም ባሪያ ነው፤ ጌታው በሞተ ቀን ወይም በተቈጣ ቀን ዕድሉ ይለወጣልና።

፮፤ የንጉሡ የመጨረሻ ቃል

ከዓመታት በኋላ ንጉሡ ታመመና ሊሞት ቀረበ። ወራሹ ገና ሕፃን ነበረ። ንጉሡም ከመሞቱ አስቀድሞ ፍሬምናጦስንና ኤዴስዮስን አርነት አወጣቸው፤ የወደዱትን እንዲያደርጉም ፈቀደላቸው። በሮም አገር ጌታ ባሪያውን በኑዛዜ እንደሚለቅቅ፥ የአክሱም ንጉሥም ሁለቱን በመጨረሻ ቃሉ ለቀቃቸው።

እነርሱም ወደ አገራቸው ለመመለስ አሰቡ። ያን ጊዜ ንግሥቲቱ መጥታ ለመነቻቸው። ባሏ ሞቷል፤ ልጅዋ ሕፃን ነው፤ በመንግሥቱም ውስጥ ከእነርሱ ይልቅ የምታምነው ሰው አልነበራትም። ልጁ እስኪያድግ ድረስ መንግሥቱን በማስተዳደር እንዲረዷት፥ ይልቁንም ፍሬምናጦስ በጥበቡ እንዲያግዛት ጠየቀች።

እዚህ ላይ ማስተዋል ያስፈልጋል። ንግሥቲቱ አላዘዘቻቸውም፤ ለመነቻቸው እንጂ። ባሪያ ይታዘዛል፤ ነጻ ሰው ግን ይለመናል። ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስም ከዚያ ቀን በፊት እንቢ ሊሉ የማይችሉ ነበሩ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እሺም እንቢም ለማለት ሥልጣን አገኙ። የጢሮስን መንገድ ትተው እሺ አሉ። ከቀድሞው ይልቅ የከበደ ሥራ ተሸከሙ፤ ትናንት ታዝዘው ይሠሩ የነበሩት ሰዎች ግን ዛሬ ወደው ይሠሩ ነበር።

፯፤ የሕፃኑ ንጉሥ ሞግዚት

ፍሬምናጦስ የመንግሥቱን ሥራ በያዘ ጊዜ ለንግድ ወደ አክሱም የሚመጡትን የሮም ነጋዴዎች መረመረ፤ ከእነርሱም መካከል ክርስቲያኖች የሆኑትን ፈለገ። ባገኛቸውም ጊዜ በየስፍራው የጸሎት ቤት እንዲሠሩና ተሰብስበው እንዲጸልዩ ፈቀደላቸው። ለሕንጻው የሚሆን መሬትና የሚያስፈልጋቸውን ሁሉ ሰጣቸው። ራሱም እንዲሁ እያደረገ ሌሎችን ያበረታታ ነበር።

ይህ ነገር ስለ አርነት ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ፍሬምናጦስ ሥልጣን ባገኘ ጊዜ በሰይፍ ሰውን ወደ ሃይማኖቱ አላስገደደም። ተማርኮ የኖረ ሰው የመገደድን ምሬት ያውቀዋል። ስለዚህ ለሚሹት የሚጸልዩበትን ስፍራ አዘጋጀላቸው።

ሕፃኑም አደገ። ታሪክ ጸሓፊዎች ይህ ልጅ በኋላ ስሙ የገነነው ንጉሥ ኢዛና እንደ ሆነ ይናገራሉ። ንጉሡ መንግሥቱን ለመያዝ በደረሰ ጊዜ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ የተቀበሉትን አደራ ሁሉ ሳያጎድሉ አስረከቡ።

በዓለም ታሪክ የሕፃን ንጉሥ ሞግዚት ሆነው ሥልጣኑን ለመልቀቅ እንቢ ያሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹም አደራ የተሰጣቸውን ልጅ አስረው ወይም ገድለው ራሳቸው ነግሠዋል። የሥልጣን ፍቅር የያዘው ሰው፥ ዙፋን ላይ ቢቀመጥም የምኞቱ ባሪያ ነው። ፍሬምናጦስ ግን ሰውነቱ ከጌታው እጅ እንደ ወጣ፥ ልቡም ከሥልጣን ፍቅር ነጻ ነበረ።

፰፤ ሁለት መንገድ

አደራቸውን ካስረከቡ በኋላ ሁለቱ ለመሄድ ተነሡ። ንግሥቲቱና ልጅዋ እንዲቀሩ አጥብቀው ቢለምኗቸውም አልቀሩም። ከአክሱም ወጥተው በየመንገዳቸው ተለያዩ።

ኤዴስዮስ ወላጆቹንና ዘመዶቹን ሊያይ ወደ ጢሮስ ፈጥኖ ሄደ። በዚያም ቄስ ሆነ። ስለ ባርነታቸውና ስለ አርነታቸው ሩፊኖስ ለሚባል ጸሓፊ የነገረው እርሱ ነው። ሩፊኖስ ከኤዴስዮስ አፍ የሰማውን በቤተ ክርስቲያን ታሪክ መጽሐፉ ስለ ጻፈው ነገሩ እስከ ዛሬ ሳይጠፋ ቈየ። ማንም ኤዴስዮስን ሊነቅፈው አይገባም። ወደ እናቱና ወደ አባቱ ቤት መመለስ ባሪያ ሁሉ የሚመኘው ነገር ነው።

ፍሬምናጦስ ግን ወደ ግብጽ ወረደ። በእስክንድርያ ከተማ በፈረንጆች አቈጣጠር ከ328 ዓ.ም. ጀምሮ የተሾመው ሊቀ ጳጳሳት አትናቴዎስ ነበረ። ፍሬምናጦስ ወደ እርሱ ገብቶ በአክሱም የሆነውን ሁሉ ነገረው። በዚያ አገር ክርስቲያኖችና የጸሎት ቤቶች እንዳሉ፥ ነገር ግን ጳጳስ እንደሌላቸው አስረዳ። የሚገባ ሰው ተፈልጎ እንዲላክላቸውም ለመነ። ለራሱ ሹመት አልጠየቀም።

አትናቴዎስም ከካህናቱ ጋር ከመከረ በኋላ ለዚህ ሥራ ከራሱ ከፍሬምናጦስ የተሻለ ሰው እንደማይገኝ አየ። ስለዚህ ጵጵስና ሾሞ ወደ መጣበት አገር እንዲመለስ ላከው። ፍሬምናጦስም በባርነት ወደ ተወሰደበት፥ የመምህሩም ደም ወደ ፈሰሰበት አገር በፈቃዱ ተመለሰ።

፱፤ ከሣቴ ብርሃን

ንጉሥ ኢዛና አስቀድሞ ያሠራው ገንዘብ የጨረቃና የክብ ምልክት ነበረበት፤ በኋላ ያሠራው ግን የመስቀል ምልክት አለበት። በቀደመው የድንጋይ ጽሕፈቱ ማሕረም የሚባለውን የጦርነት አምላክ አባቱ አድርጎ ይጠራ ነበር፤ በኋለኛው ግን የሰማይን ጌታ ያመሰግናል። የፍሬምናጦስ ሥራ ፍሬ በእነዚህ ነገሮች ይታያል። በኢትዮጵያ ትውፊት ክርስትናን የተቀበሉት ነገሥታት አብርሃና አጽብሓ ይባላሉ።

በኢዛና ዘመን ሌላም ታላቅ ነገር ታየ። ቀድሞ የግዕዝ ፊደል ድምፁን የሚለይ ምልክት አልነበረውም፤ ለሀ፥ ለሁና ለሂ አንድ ፊደል ብቻ ይጻፍ ነበር። በዚያ ዘመን ግን ፊደሉ በሰባት ድምፅ ተለይቶ መጻፍ ጀመረ። አንዳንድ ሰዎች ይህን ሥራ ለፍሬምናጦስ ይሰጡታል። ዛሬ ሀሁ ብሎ የሚቈጥር ተማሪ ሁሉ ከዚያ ዘመን የተጀመረውን ጥበብ ይማራል።

ፍሬምናጦስ ከመከራ አላመለጠም። አትናቴዎስ በሃይማኖት ክርክር ምክንያት ከመንበሩ በተሰደደ ጊዜ፥ የሮም ንጉሠ ነገሥት ቈስጣንዮስ በፈረንጆች አቈጣጠር በ356 ዓ.ም. ገደማ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። ፍሬምናጦስ በእስክንድርያ በአትናቴዎስ ስፍራ ወደ ተቀመጠው ወደ ጊዮርጊስ ተልኮ እንዲመረመር ጠየቀ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግን በአትናቴዎስ ሃይማኖት ጸንታ ኖረች።

፲፤ ያልተፈጸመው ሥራ

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ደስ ያሰኝ ነበር። ነገር ግን እውነቱን ሁሉ መናገር ይገባል። ኢዛና የሰማይን ጌታ ባመሰገነበት በዚያው ጽሕፈት ወደ ኖባ አገር ዘምቶ 629 ሰዎች እንደ ማረከ ይናገራል። ከእነርሱም የሚበዙት ሴቶች ነበሩ። የመንግሥቱ ሃይማኖት ተለወጠ፤ ሰውን መማረክ ግን አልቀረም።

ከብዙ ዘመን በኋላ ፍትሐ ነገሥት የሚባለው የሕግ መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተተረጐመ። በውስጡ ከሮም ሕግ የተወሰደ ነገር አለ። ይህ መጽሐፍ አርነት ከተፈጥሮ ሕግ ጋር እንደሚስማማ፥ ባርነትን ያመጣው ግን ጦርነት እንደ ሆነ ያስተምራል። ባሪያን አርነት ማውጣትም መልካም ሥራ መሆኑን ይመክራል። ይሁን እንጂ ባርነትን አልሻረውም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጳጳሷ ባሪያ የነበረ አገር፥ ከእርሱ በኋላ 1600 ዓመት ያህል ባሪያ ስትገዛና ስትሸጥ ኖረች። ባሪያ ፈንጋዮች ሕፃናትን ከእናታቸው ጕያ ይነጥቁ ነበር። ሐምሌ 26 ቀን የአባ ሰላማን በዓል አክብሮ ወደ ቤቱ የተመለሰ ባለጸጋ፥ ውኃ ቀድቶ እግሩን የሚያጥበው ባሪያ ነበረው።

በ1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር ገባች። በዚያው ዓመት በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን፥ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን መንግሥቱን ሲመሩ፥ የባሪያን ንግድ የሚከለክልና ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበትን መንገድ የሚያሳይ ሕግ ወጣ። በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባርነት ፈጽሞ እንዲቀር በዐዋጅ አዘዙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በኢትዮጵያ ሕግ የሰው ጌታ የሆነ ሰው የለም።

፲፩፤ ከዚህ ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

ፍሬምናጦስ በባርነት መጥቶ ለአገር አባት ስለ ሆነ ባርነት መልካም ነገር ነው የሚል ሰው ቢኖር ይሳሳታል። እግዚአብሔር ከክፉ ነገር መልካም ቢያወጣ፥ ክፉው ነገር መልካም ሆነ ማለት አይደለም። ሁለት ብላቴኖች ሲተርፉ በመርከቡ የነበሩት ሁሉ ሞተዋል። አንድ ፍሬምናጦስ ጳጳስ ሲሆን፥ ስማቸው ያልተጻፈ እልፍ ባሮች በማዕድን ጕድጓድና በእርሻ አልቀዋል። ከእነርሱም መካከል ቢማሩ እንደ ፍሬምናጦስ የሚሆኑ እንደ ነበሩ ማሰብ ይገባል።

ሁለተኛው ትምህርት አርነት ሁለት ክፍል እንዳለው ነው። የመጀመሪያው ሌላ ሰው የሚሰጠው ወይም የሚከለክለው ነው፤ ይኸውም ከጌታ እጅ መውጣት ነው። ይህ ለሰው ሁሉ ይገባል፤ ማንም ሊከለክለው መብት የለውም። ሁለተኛው ግን ሰው ራሱ የሚፈጽመው ነው፤ ይኸውም ነጻነቱን ለመልካም ሥራ ማዋል ነው። ከእስር ተፈትቶ የስንፍና፥ የመጠጥ ወይም የገንዘብ ፍቅር ባሪያ የሚሆን ሰው፥ የመጀመሪያውን ክፍል አግኝቶ ሁለተኛውን አጥቷል።

ሦስተኛው ትምህርት ለልጆች የቀረበ ነው። ሕጉ ባርነትን ቢሽርም ስድቡ ከሰው አፍ ፈጥኖ አልጠፋም። ጓደኛውን በመልኩ ወይም በዘሩ ምክንያት ባሪያ ብሎ የሚሳደብ ልጅ፥ ሕግ የፈታውን ሰው በአንደበቱ መልሶ ያስራል። እንዲህ ያለ ልጅ የገዛ አባቱን አባ ሰላማን እንደሚሰድብ ይወቅ፤ እርሱም ባሪያ ነበረና።

ጥያቄ

1፤ በሮም መንግሥት ሰው ባሪያ የሚሆነው በምን በምን ምክንያት ነበር?

2፤ አርነት የወጣ ሮማዊ ነጻነቱ ሙሉ ያልነበረው ስለ ምንድን ነው?

3፤ የመርከቡ ሰዎች ሲገደሉ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ ምን ሲያደርጉ ተገኙ?

4፤ ንግሥቲቱ ማዘዟን ትታ የለመነችው ስለ ምንድን ነው?

5፤ ኤዴስዮስ ወደ ማን ሄደ? ፍሬምናጦስስ?

6፤ ባርነት በኢትዮጵያ በዐዋጅ የቀረው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?

7፤ የአርነት ሁለት ክፍሎች ምንና ምን ናቸው?